ካፖርቴን ለበርሜሉ

ሽታዬ ፍቼ ሄደች፣ አክስቷ አርፋ፣ ለለቅሶ፤
ሰማያዊው በርሜል ቀረ፣ ከትናንት ወዲያ ተጠንስሶ፣
አፉ በሻሽ ታስሮ፣ የአልጋችንን ራስጌ ተንተርሶ።
በር ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣
«ብርድ እንዳያገኘው» አለች፣ ጣቷን አስጠንቅቃ።
እኔን አይደለም። እሱን ማለቷ ነው።

የሱሉልታን ታኅሣሥ የማያውቅ፣ ብርድን በወሬ ያውቃል፤
ማታ ደጅ የረሳሁት የእጅ ውሃ፣ ጠዋት እንደ መስተዋት ይሰነጠቃል።
ጎመኑ በውርጭ ሸብቶ ያድራል፣ የቆርቆሮው ሆድ ያልባል፤
ብሎኬታችን ልስን አላየም፣ ነፋሱ ሳያንኳኳ ይገባል።

በሦስተኛው ቀን ጆሮዬን ከበርሜሉ ጎን ለጠፍሁ፤
ያን እንደ ሩቅ ዝናብ የሚንሾካሾክ ድምፅ አጣሁ።
ዝም።
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት፣ ዝም።
ማሩ ታች፣ ጌሾው ላይ፤ መሀል ገብቶ የሚያስታርቅ የለም።

ደወልሁላት። ከጀርባዋ ሙሾው ደርቷል።
«ፈልቷል?» አለች፣ ሳትሳለም። ዝም ብላት፣ «ገባኝ፤ ቀዝቅዟል።
አልብሰው።»
ምን ላልብሰው? አንድ ብርድ ልብስ ነው ያለን፣
እሱንም ይዛው ሄዳለች፣ የለቅሶ ቤት መደብ እንዳይበርዳት ብለን።

ጆንያ ጠቀለልሁበት። ከአናጢው ከጉደታ
ሰጋቱራ ለምኜ ከሥሩ ነሰነስሁ፤
በሃይላንድ ኮዳ ሙቅ ውሃ ልሞላ ጣድሁ፣
ውሃው ለብ ሳይል መብራት ሄደ፤ ከሰል አያይዤ እንደገና ጀመርሁ፣
ኮዳዎቹን በግራ በቀኙ ወሸቅሁ።
ጎረቤታችን ቢፍቱ በአጥሩ በላይ አይታኝ ሳቀች፤
«አራስ ቤት ነው እንዴ? ገንፎ ላምጣ?» አለች።

መሸ። የአበባ እርሻው በር ተረኛውን ይጠብቃል።
ዱላዬን ያዝሁ፣ ባትሪዬን ያዝሁ፣
ካፖርቴን ከምስማሩ አወረድሁ፣ አንድ እጄን አስገባሁ፤
በሌላው በርሜሉን ዳሰስሁ፤
እንደ ወንዝ ድንጋይ።
ያስገባሁትን እጄን መልሼ አወጣሁ።
ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፍሁለት፣ ኮሌታውን አቆምሁለት፤
ትከሻ የለውም እንጂ፣ ከኔ ይልቅ አማረበት።

ያን ሌሊት ጽጌረዳው በላስቲክ ቤቱ ሞቆት ያድራል፣
እኔ ከደጁ ሸራ ተከናንቤ፣ ጥርሴ እርስ በርሱ ይሟገታል።
«ካፖርትህስ?» አለኝ በዳዳ፣ ያችን ሲጋራውን እያሞቀባት።
«ቤት የበረደው አለ» አልሁት።
እስካሁን ውሸት አይመስለኝም።

አሥራ ሰባት ዓመት ጠጅዋን ጠጣሁ፣ በብርሌ ተቀብዬ፤
በውድቅት ስትነሣ፣ ስትዳብስ፣ ስታለብስ፣
«ምን ያንከራትትሻል፣ አትተኚም?» ብዬ
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።
ያ ሁሉ ሌሊት።

በአምስተኛው ቀን ንጋት፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣
ተንበርክኬ ጆሮዬን ከገዛ ካፖርቴ ደረት አሳረፍሁ።
ትስ… ትስ… ትስ…
ከቁልፎቹ ሥር ልብ አለ።

ራሱን ቻለ ብዬ ማታ ካፖርቴን ለብሼ ብገባ፣
አለቃችን አቶ መርዕድ ሦስት ርምጃ ሸሸ፤
«ጠጥተህ ነው?» አለ፣ አፍንጫውን ይዞ።
አፌን ከፈትሁለት፤ አሸተተ፤ ግራ ገባው።
«እኔስ አልቀመስሁም ጌታዬ፤ የጠጣው ካፖርቱ ነው።»
የሁለት ቀን ደሞዝ ቆረጠኝ።

ለሽታዬ ነገርኋት። ከለቅሶ ቤት ጓሮ፣ አፏን በነጠላ ይዛ
ሳቀች፤ ሳቋ በስልኩ እየተቆራረጠ መጣ።
ከዚያ ዝም አለች፤ ካርዷ ያለቀ መሰለኝ።
«ሦስቱን ሌሊት» አለች በመጨረሻ፣
«አንተስ ምን ለበስህ?»